ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ፦ ትክክለኛውን ሽቦ ደረጃ በደረጃ መምረጥ

አክስቴ ቄራ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ቆጣሪው ያለው ከውጭ በሩ አጠገብ ካለው ግንብ ላይ ነው። የእሷ ምጣድ ደግሞ ከግቢው መጨረሻ፣ ከማድ ቤቱ ጥግ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ እየጋገረች ደረስኩ። አምስተኛውን እንጀራ እንዳወጣች የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ብሬከሩን አጥፍተን ስፒናውን ስንነቅለው አንደኛው እግር ጠቁሯል፤ የሶኬቱ ቀዳዳም ቀልጦ ተጣሟል።

ምጣዱ የተጠገነው ከሳምንት በፊት ነበር። ጠጋኙ “እትዬ፣ ሽቦዋ የተቃጠለችው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ናት፤ ቆርጬ እቀጥላታለሁ” ብሎ ጣት የምታክል ጥቅልል አውጥቶ ጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምጣዱ ቶሎ ስለሚግል አክስቴ ደስ ብሏት ሰንብታለች። ቶሎ መጋሉ ግን የችግሩ ምልክት ነበር።

ይህን ችግር ለመረዳት፣ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የምናያቸውን ሁለት ቃላት መለየት ያስፈልጋል፦ ሬዚስታንስና ሬዚስቲቪቲ። ልዩነታቸው የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ምን ዓይነት ሽቦ እንደምንገዛ፣ ስንት ሜትር እንደምንዘረጋ፣ የትኛውን ጥገና እንደማንቀበል የሚነግረን እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ማንም ሰው በሜትር፣ በማስመሪያ፣ በትንሽ ቢላና በስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራቸው ይችላል። ቴስተር ካለ ደግሞ እሰየው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድሜ ልናገር። ማስላትና መመርመር የእርስዎ ሥራ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለውን መስመር መክፈትና ብሬከር መግጠም ግን የባለሙያ ነው። የቆጣሪውን ማሸጊያ ደግሞ የአገልግሎት ሰጪው ሠራተኛ ካልሆነ ማንም አይነካውም።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ቃላት ይለዩ

ሥጋ ቤት ሲገቡ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው የኪሎ ዋጋ ነው። ግማሽ ኪሎ ገዙ አምስት ኪሎ፣ የዚያ ሥጋ የኪሎ ዋጋ ያው ነው። ሁለተኛው ሲወጡ የሚከፍሉት ሒሳብ ነው። እሱ የሚወሰነው በኪሎው ዋጋና በገዙት መጠን ነው።

ሬዚስቲቪቲ እንደ ኪሎ ዋጋው ነው። የብረቱ ዓይነት ጠባይ ነው እንጂ የአንድ ሽቦ ልክ አይደለም። መዳብ በጥቅል ይሁን በስንጥር፣ የሙቀት መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ ሬዚስቲቪቲው አንድ ነው። ሬዚስታንስ ደግሞ ሒሳቡ ነው፦ እጅዎ ላይ ያለው ያ ሽቦ፣ በዚያ ርዝመቱና በዚያ ውፍረቱ፣ ለኤሌክትሪክ መተላለፍ የሚያሳየው እምቢታ። የሚለካውም በኦም ነው።

ከሥጋው ሒሳብ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሥጋ በበዛ ቁጥር ሒሳቡ ይጨምራል። ሽቦ ግን ሲረዝም ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲወፍር ደግሞ ይቀንሳል። ከብቶች በረጅምና ጠባብ መተላለፊያ ሲነዱ እየተጨናነቁ ቀስ ብለው ያልፋሉ፤ መተላለፊያው ሲሰፋ ብዙ ሆነው ጎን ለጎን ያልፋሉ። ሽቦም እንደዚሁ ነው። በቀመር ሲቀመጥ፦

ሬዚስታንስ = ሬዚስቲቪቲ × ርዝመት ÷ ስፋት

ስፋት ያልነው ሽቦው ሲቆረጥ ጫፉ ላይ የሚታየውን ክብ ስፋት ነው፤ በካሬ ሚሊ ሜትር ይለካል። ሱቅ ሄደን “ባለ 2.5 ስጠኝ” ስንል የምንጠራው ቁጥር እሱ ነው። ስሙ ለሬዚስታንስ መለኪያ የተሰጠው ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 የኦም ሕግ የሚባለውን ሲያሳትም፣ መነሻው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች እያፈራረቀ የለካው ልኬት ነበር።

ደረጃ 2፦ ምጣዱ ስንት አምፔር እንደሚስብ ያስሉ

የምጣዱን ዋት ከጎኑ ካለው ጽሑፍ ያንብቡ። በየቤቱ ያሉት ብዙዎቹ ምጣዶች ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ናቸው። የእኛ አገር ቮልቴጅ 220 ስለሆነ፣ ዋቱን ለ220 ያካፍሉ። የ3,500 ዋት ምጣድ፦

3,500 ÷ 220 = 15.9፤ ማለትም ወደ 16 አምፔር።

ይህ ትልቅ ጭነት ነው። የተለመደው የቤት ስፒና የመጨረሻ አቅሙ 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣድ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የለበትም።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ይለኩ፤ ከዚያ በ2 ያባዙ

ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ሶኬት ሽቦው በሚሄድበት መንገድ ይለኩ። ሽቦ ግድግዳ ይወጣል፣ ጥግ ይዞራል፣ በር ይሻገራል፤ ስለዚህ ርቀቱን በዓይን ቀጥታ አይገምቱ። በአክስቴ ግቢ 25 ሜትር ሆኖ አገኘሁት።

አሁን በ2 ያባዙ። ኤሌክትሪክ በፌዝ ሄዶ በኒውትራል ይመለሳል፤ በሁለቱም ላይ እምቢታ ይገጥመዋል። ለስሌታችን ርዝመቱ 50 ሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱም በግማሽ ያንስበታል።

ደረጃ 4፦ ብረቱን ይለዩ

ሬዚስቲቪቲን የሚወስነው የብረቱ ዓይነት ስለሆነ፣ የሚገዙት ሽቦ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለብዎ። የአንድ ሜትር ርዝመትና የአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሽቦ በክፍል ሙቀት የሚኖረው እምቢታ ይህን ይመስላል፦

መዳብ፦ 0.0175 ኦም ገደማ
አሉሚኒየም፦ 0.028 ኦም ገደማ
ተራ ብረት (አይረን)፦ 0.1 ኦም ገደማ
ኒክሮም (የምጣድ ሽቦ)፦ 1.1 ኦም ገደማ

ለንጹሕ የሽቦ መዳብ የዓለም መመዘኛ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ ቁጥሩም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.01724 ነው። እኛ 0.0175ን የምንይዘው ለጥንቃቄ ትንሽ ከፍ አድርገን ነው።

አሉሚኒየም ከመዳብ 1.6 እጥፍ ይበልጣል። ይህ ማለት ባለ 2.5 መዳብን የሚተካ አሉሚኒየም ባለ 4 መሆን አለበት። አሉሚኒየም መጥፎ አይደለም፤ ቀላል ስለሆነ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ገመድ ብዙውን ጊዜ ከእሱ የተሠራ ነው። አደጋው መዳብ መስሎን አሉሚኒየም ስንገዛ ነው። ላዩ በመዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽቦ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ሲገዙ ከጫፉ ጥቂት ይላጡና በቢላ ይቧጩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። ሁለተኛው ምልክት ክብደት ነው፦ መዳብ በተመሳሳይ መጠን ከአሉሚኒየም ከ3 እጥፍ በላይ ይከብዳል።

ደረጃ 5፦ ውፍረቱን ያረጋግጡ

የሽቦው ልባስ ላይ “2.5” ተጽፎ ውስጡ ቀጭን ሊሆን ይችላል። ካሊፐር ከሌለዎ እንዲህ ያድርጉ። ድፍን የሆነውን ሽቦ ይላጡ። በመጥረጊያ እንጨት ላይ ያለ ክፍተት አጠጋግተው 10 ዙር ይጠምጥሙ። የ10ሩን ዙር ወርድ በማስመሪያ ይለኩ። መሆን ያለበት፦

ባለ 1.5፦ ወደ 14 ሚሊ ሜትር
ባለ 2.5፦ ወደ 18 ሚሊ ሜትር
ባለ 4፦ ወደ 22.5 ሚሊ ሜትር

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። “ባለ 2.5” ብለው የገዙት ሽቦ ተለክቶ 14 ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው ባለ 1.5 ነው። የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው፤ ስፋቱ ግን በ40 በመቶ ቀንሷል፣ ሬዚስታንሱም ከ1.6 እጥፍ በላይ ጨምሯል። የሽቦ ወርድ በግማሽ ሲቀንስ ሬዚስታንሱ 4 እጥፍ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ያስሉ

አሁን ሦስቱም ቁጥሮች አሉዎት፦ ብረቱ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ። ባለ 2.5 መዳብን እንያዝ፦

0.0175 × 50 ÷ 2.5 = 0.35 ኦም

በመንገድ የሚጠፋውን ቮልት ለማግኘት ኦሙን በአምፔሩ ያባዙ፦ 0.35 × 16 = 5.6 ቮልት። ሽቦው ራሱ የሚያመነጨውን ሙቀት በዋት ለማግኘት እንደገና በአምፔሩ ያባዙ፦ 5.6 × 16 = 90 ዋት ገደማ። ለአክስቴ ግቢ ሌሎቹን አማራጮችም እንዲሁ አሰላኋቸው፦

ባለ 0.75 መዳብ (ቀጭን የማከፋፈያ ገመድ)፦ 1.17 ኦም፣ 19 ቮልት፣ 300 ዋት ገደማ
ባለ 1.5 መዳብ፦ 0.58 ኦም፣ 9.3 ቮልት፣ 150 ዋት ገደማ
ባለ 2.5 አሉሚኒየም፦ 0.56 ኦም፣ 9 ቮልት፣ 143 ዋት ገደማ
ባለ 2.5 መዳብ፦ 0.35 ኦም፣ 5.6 ቮልት፣ 90 ዋት ገደማ
ባለ 4 መዳብ፦ 0.22 ኦም፣ 3.5 ቮልት፣ 56 ዋት ገደማ

ቮልቱ ሲቀንስ አምፔሩም ትንሽ ስለሚቀንስ፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ጥቂት ያንሳል። ለጥንቃቄ ግን ይህ ስሌት ይበቃል።

ከላይ ካሉት አምስት ሽቦዎች አራቱ መዳብ ናቸው። ሬዚስቲቪቲያቸው አንድ ነው፤ ሬዚስታንሳቸው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ከ5 እጥፍ በላይ ይለያያል። ባለ 2.5ቱን አሉሚኒየም ደግሞ ከባለ 1.5ቱ መዳብ ጎን ያስቀምጡት። ብረታቸው የተለያየ ሆኖ ሬዚስታንሳቸው ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ሁለቱ ቃላት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አንድ ነገር እንጨምር። የብረት ሬዚስቲቪቲ በሙቀት ይለወጣል። የመዳብ ሽቦ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ እምቢታው በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ባለ 1.5ቱ ሲሞቅ የሚያጠፋው 9.3 ሳይሆን ከ11 ቮልት በላይ ነው።

ደረጃ 7፦ በሦስት መስፈርት ይወስኑ

የመጀመሪያው መስፈርት የቮልት ኪሳራ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለመብራት 3 በመቶ፣ ለሌላ ጭነት 5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። የ220 ቮልት 5 በመቶ 11 ቮልት ነው። ቀጭኑ የማከፋፈያ ገመድ በሰፊ ልዩነት ወደቀ፤ ባለ 1.5ቱም ሲሞቅ ይወድቃል። በቀጭኑ ገመድ ምጣዱ ከኃይሉ 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ምጣዱ በወጉ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ሊጡ ላይ ይፈረዳል እንጂ ገመዱን የሚጠረጥር የለም።

ሁለተኛው የሽቦው አቅም ነው። ሽቦ ሲሞቅ ልባሱ እንዳይጎዳ የሚችለው የአምፔር ገደብ አለው። በተለምዶ ባለ 1.5 ለመብራት፣ ባለ 2.5 ለሶኬት ይዘረጋል። ምጣድ ለሰዓታት ሙሉ አቅሙን ስለሚስብ፣ ለዚህ ርቀት ባለ 4 መዳብ እመርጣለሁ። ባለ 2.5ቱ በስሌቱ ያልፋል፤ ትርፍ አቅም ግን ብዙ የለውም።

ሦስተኛው ብሬከሩ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። “ቶሎ ቶሎ ይወርዳል” ብሎ ሽቦውን ሳይለውጡ ብሬከሩን ከ20 ወደ 32 ማሳደግ፣ እሳቱን እንዳያይ ዘበኛውን ማስተኛት ነው። መጀመሪያ ሽቦው፣ ከዚያ ብሬከሩ።

ማከፋፈያ ገመድ በግድ መጠቀም ካለብዎ ደግሞ ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። 300 ዋት በ25 ሜትር ገመድ ላይ ሲበተን በሜትር 12 ዋት ነው። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን 300ውም ዋት አንድ ቦታ ይታፈናል።

ለሥጋ ቤቶችም ይኸው ስሌት ይሠራል። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቱ በዚያች ቅጽበት ይወርድና ሞተሩ እየጮኸ መነሳት ያቅተዋል። ፍሪጁን ከማስፈታትዎ በፊት መስመሩን ይለኩ።

ደረጃ 8፦ መገጣጠሚያዎቹን ይፈትሹ

ሽቦው ትክክል ሆኖ እሳቱ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከመገጣጠሚያ ነው። ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ላላ ብሎ ሲነካካ፣ ብረቱ ያው ነው፣ ሬዚስቲቪቲውም አልተለወጠም። ኤሌክትሪኩ የሚያልፍባት የመነካኪያ ነጥብ ግን መርፌ ጫፍ አክላለች። ስፋት ሲያንስ ሬዚስታንስ ይጨምራል። ላላ ያለ መነካካት የ0.1 ኦም እምቢታ ቢኖረው፣ በ16 አምፔር ወደ 26 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ሬዲዮ ጠጋኝ ሊድ የሚያቀልጥበት መበየጃ ኃይሉ ይህን ያህል ነው። የአክስቴን ሶኬት ያቀለጠው እንዲህ ያለ ነጥብ ነው።

ስለዚህ ብሬከሩን አጥፍተው፣ በቴስተር ኃይል አለመኖሩን አረጋግጠው፣ የሶኬቱንና የስካቶላውን ብሎኖች ባለሙያ እንዲያጠብቅ ያድርጉ። የጠቆረ ስፒና ተጠርጎ አይመለስም፤ ከነሶኬቱ ይቀየራል። መዳብንና አሉሚኒየምን አጠማዝዞ በፕላስተር መጠቅለልም መቅረት አለበት። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ መጋጠሚያቸው ይዝጋል፣ እምቢታውም ቀን በቀን ያድጋል። መጋጠም ካለባቸው ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ማያያዣ ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ ምጣዱን ራሱን ይለኩ

ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ በጀሶ የተሸፈነው ሽቦ ኒክሮም ነው፤ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። የተመረጠው ሬዚስቲቪቲው ከመዳብ 60 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሲግል ቶሎ ስለማይዝግና በሙቀት ብዙ ስለማይለወጥ ነው። በመስመሩ ላይ የምንሸሸው እምቢታ እዚህ የምንፈልገው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ወርዱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የኒክሮም ሽቦ በየሜትሩ 1.4 ኦም አለው። 10 ሜትር ሲሆን 14 ኦም፤ ወደ 3,460 ዋት። አሁን ተቃጥሎ 1 ሜትር ተቆርጦ ቢቀጠል፦

9 ሜትር፦ 12.6 ኦም፣ 17.5 አምፔር፣ ወደ 3,840 ዋት
ሌላ 1 ሜትር ቢቆረጥ፦ 11.2 ኦም፣ 19.6 አምፔር፣ ወደ 4,320 ዋት

ምጣዱ ቶሎ የጋለው ለዚህ ነው። 16 አምፔር የሚችለው ስፒና 17.5 ተጫነበት። የቀረው ሽቦ ራሱ ይበልጥ ስለሚግል ደግሞ ቀጣዩ መቃጠል ይቀርባል፤ እንደገና ይቆረጣል፣ እንደገና አምፔሩ ይጨምራል።

ለመለካት ምጣዱን ይንቀሉና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ቴስተሩን በ200 ኦም ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎቹን ያነካኩ፤ የሚያሳየውን ትንሽ ቁጥር ይያዙ። ከዚያ የስፒናውን ሁለት እግሮች ይለኩና ያንን ቁጥር ይቀንሱ። መሆን ያለበትን ለማወቅ 48,400ን (220 × 220) ለምጣዱ ዋት ያካፍሉ። ለ3,500 ዋት ወደ 13.8 ኦም ይመጣል። 12.5 ወይም ከዚያ በታች ካገኙ ሽቦው አጥሯል፤ ሙሉ ሽቦው ይቀየር። አንደኛውን ጫፍ ስፒናው እግር ላይ፣ ሌላውን የምጣዱ ብረት ላይ ሲያደርጉም ቴስተሩ ምንም ንባብ ሊያሳይ አይገባም። ካሳየ ምጣዱ ሰው ሊይዝ ይችላልና አይሰካ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያውን ሰዓት ይከታተሉ፣ ከዚያ ይጻፉ

አዲሱ መስመር ከተዘረጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጋግሩ። ከዚያ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ስፒናውን ይንቀሉ፣ በእጅዎ ጀርባ ስፒናውንና ገመዱን ይዳስሱ። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቆም ትኩሳት ካለ ግን የሆነ ቦታ ስፋት ጎድሏል፤ ወደ ደረጃ 8 ይመለሱ።

የአክስቴ መስመር ተቀይሮ ባለ 4 መዳብ ሆኗል። የምጣዱ ሽቦም ሙሉ ተቀየረ፤ ከነገመዱ ሲለካ 13.9 ኦም ሰጠ። ጠጋኙ የጣላትን ጥቅልል ግን አልጣልኳትም። ዘርግቼ ስለካት አንድ ሜትር ሆነች። ምጣዱ ውስጥ ቀርቶ ከነበረው ሽቦ ጋር ብረቷ አንድ፣ ሬዚስቲቪቲዋ አንድ ነው። ከቦታዋ መጉደሏ ነው ላላ ባለው መገጣጠሚያ ላይ ጭነት ጨምሮ ሶኬቱን ያቀለጠው።

በመጨረሻ በብሬከሩ ሳጥን ክዳን ውስጥ አንድ ወረቀት ለጥፈናል፦ “መዳብ፣ ባለ 4፣ ደርሶ መልስ 50 ሜትር፣ 0.22 ኦም። ምጣድ 13.9 ኦም።” ከሥሩ ቀኑ አለ። ነገ ሌላ ጠጋኝ መጥቶ “ቆርጬ እቀጥላታለሁ” ቢል አክስቴ ክዳኑን ከፍታ ታሳየዋለች። የእርስዎም ሳጥን ላይ እንዲህ ያለች ወረቀት ትኑር።